አሥራ አንደኛዋ መለኪያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የሙቀት ስሌት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ከዚያ ወዲያ አንድም ቁጥር አላሰፈርኩበትም። እንግዲህ ለሐሜት ይሁን።

ዛሬ ዋናዋ ሰበሰቡን። ዋናዋ የምንላቸው የክፍላችንን ኃላፊ ነው። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ሰዉ ሁሉ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር ያለው የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ ሁለት የመጠባበቂያ ውሃ ታንከሮች አሉት። የማቀዝቀዣው ቧንቧ ድንገት ቢፈነዳ ሪአክተሩን የሚያበርዱት እነሱ ናቸው። አሁን አንዱ ዝጓል፣ መጠገን አለበት። ጣቢያው ደግሞ ሥራ ሳላቆም በአንዱ ብቻ ልቆይ ብሎ አመለከተ። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እኛን ጠየቀ፤ በአንድ ታንከር ውሃ ብቻ ሪአክተሩ ውስጥ ያሉት የነዳጅ ዘንጎች ሙቀት ከተፈቀደው ገደብ በታች ይቆያል ወይስ አይቆይም?

እኔ በኮምፒውተር ሞዴል አሰላለሁ። ምድር ቤት ያለው ላብራቶሪ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚግሉ፣ ነዳጅ የሌለባቸው ዘንጎች በብረት በርሜል ውስጥ አቁሞ ያግላል፣ ውሃ ይለቅባቸዋል፣ ይለካል። የእነሱ ልኬትና የእኔ ስሌት ከገጠሙ መልስ አለን ማለት ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ጨርሱ ተባልን።

ላብራቶሪውን የሚመራው መሐንዲስ ቅጽል ስሙ ጥርጣሬ ነው። ወጡ ጨው አንሶታል ቢሉት ራሱ ካልቀመሰ አያምንም። ስብሰባው ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ብዕሩን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ዋናዋ ከተናገሩት ግማሹ አመለጠኝ። የብዕሩ ድምፅ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እማዬ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሰው ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት ስለሆነች ወሬ ማሳጠር ታውቅበታለች። ታንከሩን፣ ውሃውን፣ እንፋሎቱን፣ ሞዴሉን እስኪበቃት ዘረዘርኩላት።

«ታዲያ ወንድሜ ቤቱ ይተኛ ወይስ አይተኛ?» አለች።

አጎቴ የሚኖረው ከጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ ነው።

«እሱኑ ነው የምናሰላው» አልኳት።

«እሱማ እናንተ እስክታሰሉም ይተኛል። ለእንቅልፍ ሰንፎ አያውቅም።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የመጀመሪያውን ስሌት ጨረስኩ። ግራፉን አትሜ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። በኢሜይል መላክ ይቻል ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ደረጃ መውረድ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

እዚህ ቤት «ሳይተያዩ» የምንለው ደንብ አለ። ሞዴል የሚያሰላው ሰው ትንበያውን በፖስታ አሽጎ ለዋናዋ ይሰጣል። ላብራቶሪው ትንበያውን ሳያይ ይለካል፣ እሱም ያሽጋል። ከዚያ ሁለቱ ፖስታ ሰው ፊት ይከፈታል። ደንቡ ለዋናው ፈተና ነው እንላለን፤ ከዚያ በፊት ለሚደረጉት ልምምዶች የሚጠብቀው የለም። ቢጠበቅማ ኖሮ እኔ በምን ሰበብ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ብሰርዛት ይሻላል።

ጥርጣሬ ግራፉን ተቀብሎ ብዙ አየው። «መስመርሽ ያምራል» አለኝ። ስለ መስመሩ ነው የተናገረው፣ ግልጽ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ልምምዱ ዛሬ ሆነ። ዘንጎቹ ጋሉ፣ ውሃው ተለቀቀ፣ በርሜሉ አጉረመረመ። ፓምፑ አንዴ ቆሞ ተነሣ። ምሳ አልበላሁም። ቁጥሩ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ቁጥሮቹ መጡ። ገጠሙ ማለት አልችልም፣ አልገጠሙም ማለትም አልችልም። ቅርጹ አንድ ነው፤ በዘንጎቹ የላይኛው ክፍል ግን የእኔ መስመር ከላብራቶሪው ነጥቦች ትንሽ ይሞቃል።

ሞዴሉ ውስጥ ውሃው ሲተን የሚወጣው እንፋሎት ከዘንጉ ላይ ምን ያህል ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ የሚወስን አንድ ቁጥር አለ። መጻሕፍቱ ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል ይላሉ እንጂ ቁርጡን አይናገሩም። እኔ መካከሉን ይዤ ነበር። ዛሬ ወደ ላይኛው ጫፍ ገፋ አደረግኩት። ትንሽ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። መስመሬ ዝቅ ብሎ ሄደና የሱ ነጥቦች ላይ ተኛ።

ማጭበርበር አይደለም። ማስተካከል ይባላል፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ይህን ለማን እንደማስረዳ እንጃ፤ የጠየቀኝ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሁለተኛው ልምምድ ገጠመ። እንዴት ያለ መግጠም መሰላችሁ። (ለማን ነው «መሰላችሁ» የምለው? ደብተር ሲይዙ እንዲህ ያደርጋል።)

የጠረጴዛ ጎረቤቴ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፣ ነገር በሆዱ አያድርም። ግራፉን ይዞ በየክፍሉ ዞረበት። ሻይ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ «እነዚህ ሁለቱማ ገጥመዋል» ሲል ሰማሁት።

«ግራፋቸው?» አለች አንዷ።

«ግራፋቸውም» አለ።

ሳል ብዬ ገባሁ። ሁሉም አንድ ላይ ስኳር መፈለግ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ዋናዋ ጠሩኝ። ጣቢያው ቸኩሏል፣ ፈቃድ ሰጪው ቸኩሏል፣ ልምምዶቹም እንዲህ ከሰመሩ ዋናውን ፈተና መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል አሉ። ሪፖርቱን በልምምዶቹ ጻፉት ተባልን። ስወጣ «የሞዴል ቡድኑ መሪ ቦታ ክፍት ነው፤ አስቢበት» አሉኝ። እያሰብኩበት ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሪፖርት፣ ሪፖርት፣ ሪፖርት። ጥርጣሬ ከምድር ቤት እስከ እኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ መጣ። ግራፉ ላይ ያለው ሙቀት በሴልሺየስ ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነው። ግራፉ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ያለ ስኳር ሻይ ይዞልኝ መጣ። ያለ ስኳር እንደምጠጣ ማን እንደነገረው አላውቅም።

እራት ላይ እማዬ «ይሄ ጥርጣሬ የምትዪው ሰውዬ ሚስት አለችው?» አለች።

«ምነው ጠየቅሽ?»

«ከተቀመጥን ጀምሮ ስሙን ስታነሺው ነው።»

«ስለ ሥራ እኮ ነው።»

«እኔስ ስለ ምን ጠየቅኩሽ? ስለ ሥራ ነው።»

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ምን ይውጠኝ።

ከምሳ በኋላ ምድር ቤት ወርጄ ነበር። በርሜሉ ተከፍቷል፣ ዘንጎቹ ወጥተው ተደርድረዋል፣ ጥርጣሬ የሙቀት መለኪያዎቹን ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። ለማመስገን ያህል «መለኪያዎችህ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም» አልኩት።

«ሁሉም አልተስማሙም» አለ። «አሥራ አንደኛዋ አብዳ ነበር።»

«የትኛዋ?»

«ከላይ በኩል ያለችው። ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ሞቃ ነበር፣ በሁለቱም ልምምድ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በርሜሉን አስከፍቼ አንዲት ሽቦ ስመረምር እከርም ነበር። ግን ያንቺን መስመር አይቼው ስለነበር መለኪያዋ ናት የተበላሸችው ብዬ አወጣኋት።» ፈገግ አለ። «እኔ የሰው ቁጥር አምኜ አላውቅም። ያንቺ የመጀመሪያው ነው።»

እንዲህ ያለ ደግ ነገር የነገረኝ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለ ክፉ ነገርም የነገረኝ የለም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ለዚህ ሁሉ የመለስኩለት «እሺ» ብቻ ነው።

ይኸው ቀስ ብዬ ልጻፈው። እሱ ከእኔ መስመር ጋር ያልተስማማችውን መለኪያ አወጣ። እኔ የተረፉትን ነጥቦች አይቼ መስመሬን ወደ እነሱ ገፋሁ። ከዚያ ሁለታችን ገጠምን ተብሎ ተጨበጨበልን። የለካ የለም፣ ያሰላ የለም። ተያይተን ነው የገጠምነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጥሬውን ቁጥር ላክልኝ አልኩት። ለምን አላለኝም፣ ላከው። አሥራ አንደኛዋ ከገደቡ በላይ ናት። ወይ መለኪያዋ ተበላሽታለች፣ ወይ እኛ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

አሥራ አንደኛዋ የተገጠመችበትን ቦታ ሥዕሉ ላይ አየሁ። እዚያ ጋ ዘንጎቹን አንድ ላይ የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ መንገዱ ይጠብበታል፣ ከቀለበቱ በላይ ያለው ዘንግ ሳይበርድ ሊቆይ ይችላል። ሞዴሌ ውስጥ ቀለበቱ የለም። ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲያሰላልኝ ብዬ እኔው ነኝ የተውኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ አሥራ አንደኛዋ እብድ ላትሆን ትችላለች። እብድ ካልሆነች በአንድ ታንከር አይቻልም ማለት ነው፤ የኛ ሪፖርት ደግሞ ይቻላል ይላል።

ታዲያ ምን ያዘኝ? ይህ ነው የያዘኝ። የእኔ ጥፋት ማስተካከል የሚባል ጨዋ ስም አለው፤ ተግሳጽ አግኝቼ፣ ቡድን መሪነቱን አጥቼ አልፋለሁ። እሱ ግን የለካውን ቁጥር ሪፖርት ሳያደርግ ጥሏል። ያ ከላብራቶሪ ያስወጣል። አፌን ከከፈትኩ የማስወጣው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ የጣለው እኔን አምኖ ነው። አንጀቴን በላው። ደግሞም በጣም አናደደኝ፤ ስንት ዓመት ሁሉን ሲጠራጠር የኖረ ሰው ለማመን የመረጠው ጊዜ።

ለእማዬ ሁለት ጓደኞቼ ላይ የደረሰ ነገር ነው ብዬ ነገርኳት።

«አንዱ በአንዱ ሰዓት ሰዓቱን ሲሞላ ሁለቱም ቀጠሮ ያረፍዳሉ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ጥሩነቱ አብረው ነው የሚያረፍዱት» ብላ ሳቀችብኝ።

«እማዬ፣ ከምር ነው የጠየቅኩሽ።»

«ከምር ከሆነ ለጓደኛሽ ንገሪያት፤ ዝም ማለት ከፈለገች መጀመሪያ ወንድሜን ታስፈቅድ።»

እሑድ፣ ኅዳር 8

አጎቴ ደወለ። ጣቢያው አንዱን ታንከር ሊጠግን ነው አሉ፣ ባለሙያዎች አጥንተው ምንም ስጋት የለም ብለዋል ተባልን አለኝ።

«ባለሙያዎቹ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ሲል ኩራቱ በስልክ ይሰማል።

«ነኝ» አልኩት። ስልኩን ለእማዬ ሰጥቼ ጓዳ ገባሁ።

ማክሰኞ ሪፖርቱ የሚጸድቅበት ስብሰባ ነው። እናገራለሁ። የእኔን ብቻ ነው የምናገረው። ግን የእኔን ብቻ ብናገር የእሱ አይታወቅም ወይ? ይታወቃል። እንግዲያ ሳልነግረው ስብሰባ መግባት ክህደት ነው። ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ነገርኩት።

«ቁጥርሽን የገፋሽው የእኔን አይተሽ ነው?»

«አዎ።»

«እኔም ያንቺን አይቼ።»

«አዎ።»

ሽቦውን አስቀምጦ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስብሰባው ላይ የምናገረውን አጥንቼ ነበር የገባሁት። ዋናዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሪፖርቱን ገለጡ፣ «አስተያየት ካለ» አሉ። ልነሣ ወንበሬን ስገፋ ጥርጣሬ ከማዶ ቆሟል።

«አሥራ አንደኛዋን መለኪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳልመረምር አወጣኋት፣ ሪፖርትም አላደረግኩም። ሞዴሉ ላይ ምንም ጥፋት የለም።»

«አለ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የእንፋሎቱን ቁጥር እንዴት እንደገፋሁት፣ የማንን ነጥብ አይቼ እንደገፋሁት፣ ቀለበቱን እንደተውኩት፣ ግራፉንም በእጄ ይዤ የወረድኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። እሱ ጣልቃ ገብቶ ግራፉን ማየት አልነበረብኝም አለ። እኔ ማሳየት አልነበረብኝም አልኩ። እሱ የእኔ ይብሳል አለ። እኔ ስለ እንፋሎት የምታውቀው ነገር የለም አልኩት። ሰው ፊት።

ዋናዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ሲለክኩ ነው ያየሁት። ጥፋት የሚሻሙ ሰዎች ዛሬ ገና አየሁ። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን።

ለእሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ለእኔ የቡድን መሪነቱ ነገር ዳግመኛ አልተነሣም። ሪፖርቱ ተሳበ። ፈተናው በደንቡ፣ በፖስታ ይደገማል። ለፈቃድ ሰጪው «ተሳስተናል፣ ጠብቁን» ብለው የሚደውሉት ዋናዋ ራሳቸው ናቸው፤ «ልምምዱ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ፣ የእኔም ድርሻ አለበት» አሉ። እስኪያልቅ ድረስ እኔና እሱ ስለ ሥራ አንድ ቃል እንዳንለዋወጥ ተከለከልን።

ጎረቤቴ እጁን አውጥቶ «ሰላምታስ?» አለ።

«ሰላምታ ይቻላል» አሉ ዋናዋ። «ቁጥር የሌለበት ሰላምታ።»

አልተባረረም። ይህን በሌላ መስመር ብቻውን ልጻፈው፤ አልተባረረም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የእንፋሎቱን ቁጥር ወደ መካከሉ መለስኩት። ቀለበቱን ማስገባት ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ አንድ ስሌት ለመጨረስ ውሎ ያድራል።

ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። «እንደምን አደርሽ» አለኝ። ቁጥር እንዳለበት መረመርኩ፤ የለበትም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ስንተኛ ፎቅ ነህ ብዬ መጠየቅ ፈርቼ ሁለታችንም ቁልፉን ሳንጫን ቆመን ነበር። በሩ ተከፈተና ጎረቤቴ አየን። ዛሬውኑ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ትንበያዬን አሽጌ ለዋናዋ ሰጠሁ። ከበፊቱ ይሞቃል፤ ከገደቡ ግን ለጥቂት በታች ነው። የሱን ነጥብ አይቼ ልግፋው የምለው ነገር የለኝም። ብቻዬን ያሰላሁት ነው፣ ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

እማዬ «ሰውዬው ታመመ እንዴ? ስሙ ጠፋ» አለች። ሥራ እንዳንነጋገር እንደከለከለን ነገርኳት። ሳትስቅ አየችኝ፣ ያ ባሰብኝ።

ናፈቀኝ። ጻፍኩት፣ ይኸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ፈተናው ዛሬ ነበር። እኔ ምድር ቤት መውረድ አይፈቀድልኝም። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ፓምፑ ሲነሣ ወለሉ ላይ ተሰማኝ። ጎረቤቴ ሻይ አመጣልኝ፤ ስኳር ሞልቶበታል። ጠጣሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ዋናዋ ሁለቱን ፖስታ ሁሉም ባለበት ከፈቱ። መጀመሪያ የእኔን ሰሌዳው ላይ ለጠፉ። ከዚያ የእሱን።

አልገጠምንም።

የእኔ መስመር ከገደቡ በታች ነው። የእሱ ነጥቦች ከላይ በኩል ከገደቡ አልፈዋል። አሥራ አንደኛዋን በአዲስ ሽቦ ተክቷታል፤ በጎኗ፣ ከቀለበቱ በላይ ሌሎች መለኪያዎችም ጨምሯል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። የመጀመሪያዋም ልክ ነበረች። ቀለበቱን አስገብቼውም ሞዴሌ የሚያሳንሰው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ገና አላውቅም። ሰው ሁሉ ፊት፣ በግልጽ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ተሳስቻለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አልገጠማችሁም» አሉ ዋናዋ።

«አልገጠምንም» አልኩ።

«ተመስገን» አሉና ስልካቸውን አነሡ። ጣቢያው በአንድ ታንከር አይሠራም፤ ቆሞ ይጠግናል።

ለአጎቴ ደወልኩለት። መብራት ሊያንስ ነው አሉ ብሎ አጉረመረመብኝ። ይነስ አልኩት። እንቅልፍ ላይ ነበርኩ ብሎ ዘጋው።

ስወጣ ጥርጣሬ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ክልከላው ተነሥቷል፤ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረን ሄድን። መኪናው ሲዘገይ እሱ ጀመረ።

«ያን ጊዜ አሥራ አንደኛዋን ያወጣኋት መስመርሽን አይቼ አይደለም» አለ። «አንቺን አይቼ ነው። ስብሰባው ላይ ይህን መናገር አፈርኩ።»

እኔም ቁጥሩን የገፋሁት ለምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። የእሱ ነጥብ ላይ መድረስ ነበር የፈለግኩት። ነገርኩት። ፊቴ ጋለ፣ ስንት እንደሆነ አልተለካም።

«ከእንግዲህ እንዳታምነኝ» አልኩት።

አሰበበት። እሱ ሳያስብ አይመልስም።

«በሥራ ላይ፣ እሺ» አለኝ።